ማሽኑ አንቺ ዘንድ ገባ

ውድ የብርጓል፣

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ደህና መሆንሽን አገሩ ሁሉ ነግሮኛል። መንግሥት ለምርምር በሚሰጠው ድጋፍ የተገዛው የአፈር መመርመሪያ ማሽን ደብረ ማርቆስ፣ አንቺ ላቦራቶሪ ገባ። እኔም ለደብረ ወርቁ ላቦራቶሪያችን ተወዳድሬበት እንደነበር ታውቂያለሽ። «የጋራችን ነው፣ ስትፈልጊ ነይ» ብለሽ ደወልሽልኝ። የጋራችን! ቁልፉ አንቺ ጋ ሆኖ ምኑ ነው የጋራችን?

ቀንቻለሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ። ማሽኑ ሲመረቅ እጄ ያጨበጭባል፣ ሆዴ ግን እርር ድብን ይላል። ምሳ ላይ አጎረስሽኝ፤ አንዴ ብቻ! ወዲያው እንግዶችሽ ጠሩሽና ጥለሽኝ ሄድሽ። አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ጠፍቶሽ ነው? ሚኒባስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ «ዘመድ ባይኖራት መቼ ታሸንፈኝ ነበር» እያልኩ ተመለስኩ። በማግስቱ ላቦራቶሪሽ መብራት ጠፋ ሲሉኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት እንዳላማው የሚባል ገበሬ መጣ። ገብሱ እየቀጨጨ አስቸግሮታል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ዝናቡ ሳይገባ ኖራ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ዘንድሮም ጎተራው ባዶ ነው። ለምርመራ ከማሳህ አፈር አምጣ ብዬው ነበር፤ ጥቁር ወዛም አፈር ይዞ ከች አለ።

«ገብሱ የሚቀጭጨው በዚህ ላይ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ይሄስ ከጓሮዬ ነው። ያንን የገረጣ አፈር እንዴት ብዬ እርስዎ ፊት ላቅርብ? ነውር አይደለም?»

ሳቅሁበት። ወዲያው ግን ለማሽኑ ውድድር ያስገባሁት ፕሮፖዛል ትዝ አለኝ። ገመናችን እንዳይታይ ብዬ «ላቦራቶሪያችን የተሟላ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር! አንቺ ደግሞ፣ ምረቃው ላይ እንዳነበብሽው፣ «ምንም የለንም፣ ገበሬው ውጤት ሳያገኝ ክረምት ይገባበታል» ብለሽ ጻፍሽ። የተሟላልኝ ነኝ ለምትል ማን ማሽን ይሰጣል? እኔ ዘመድሽን ስፈልግ፣ ያሸነፍሽኝ እውነቱን ተናግረሽ ነው። ይሄ ደግሞ ይብስ አንገበገበኝ።

እንዳላማውን መልሼ ላክሁት፤ የገረጣውን አፈር አምጥቷል። ማክሰኞ አፈሩን ይዤ እመጣለሁ። ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልሽ፤ ማሽኑ አጠገብ ቆመሽ ሳይሽ እንደገና መቃጠሌ አይቀርም። ቢሆንም እመጣለሁ። ክረምቱ እኔ እስክበርድ አይጠብቅም።

እያረረችም የምትወድሽ፣
ሕሊና