አባባ አራት ቦታ ተገኘ

ይድረስ ለእህቴ ለበየነች ኃይለጊዮርጊስ፣ ካለሽበት ዓረብ አገር፣ አማን ከተማ።

እትዬ፣ ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የማዳምሽ ቤት አሁንም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ወይስ እግዜር ሊፍቱን አስጠገነልሽ? እንቅልፍሽስ፣ እህል መብላትሽስ፣ ሆድሽስ እንዴት ነው? ስልክሽን ማዳም ከቀማችሽ ወዲህ ናፍቆታችን በእግሩ ቢነሳ እንኳ እስካሁን አንቺ ዘንድ በደረሰ ነበር። የጋሽ ናስር ልጅ ማርዋ ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ ዓርብ፣ የአገር ልጆች በተሰበሰቡበት ነው። ለምን ብቻዬን ሳለሁ አልሰጠችኝም ብለሽ እንዳትቀየሚያት፤ እንዲያ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ።

አሁን «እኛ ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ይላልና። ግን «ደህና ነን» የሚለውን ቃል ልክ እንደ መሥሪያ ቤታችን «ተጠናቋል» መጠርጠር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።

የመሬት ይዞታ ወረቀቶችን ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ መሥሪያ ቤት በኮንትራት መቀጠሬን ሰምተሻል። ባለጉዳዩ ስሙን ሲነግረን ማሽኑ ፋይሉን ፈልጎ እንዲያወጣ ነው። ወረቀቱን ሁሉ ተየብነው፤ ከገበሬው እጅ የተቀበልነውን ደብተር ጭምር። ከተየብን በኋላ መጋዘን ከተትነው፤ ግማሹን ዝናብ፣ ግማሹን ምስጥ ጨረሰው። ማሽኑ አለ ተባለና ማንም አላዘነም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ኢሳይያስ አሠራሩን አስረድቶን ነበር። ማሽኑ ጽሑፉን ቃል በቃል ይበጣጥሰዋል፤ ቃላቱም ተራ በተራ ይወርዳሉ። የቡና ማጠቢያውን ቦይ አስቢው። ቃል ሁሉ በዋናው ቦይ አልፎ መጨረሻው ላይ ሙሉ ጽሑፍ ሆኖ ይከማቻል፤ እግረ መንገዱን የባለይዞታው ስም ወደ አንድ ገንዳ፣ የአዋሳኞቹ ስም ወደ ሌላ ገንዳ ይገባል። ያንኑ ወረቀት ሦስት ጊዜ ከማንበብ አንዴ አንብቦ ለሦስት ማካፈል ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው አለን፤ ዋናው ወርዶ ሳያልቅ ከገንዳው አትቅዱ። ከቀዳችሁ ማሽኑ ባዶውን ይመዘግባል፣ አይጮህም፣ «ተጠናቋል» ብሎ ዝም ይላል። ይህን ስሰማ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

የምረቃው ቀን እንግዶቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብራቱ ልሂድ ልቆይ እያለ ይርገበገባል፣ የመጨረሻው ጥራዝ ገና እየወረደ ነው። ኃላፊያችን አቶ ሸዋንግዛው ከኋላዬ ቆመው «ጥበቡ፣ መቶ በመቶ በለኝ እንጂ» ይሉኛል። ወርዶ ሳያልቅ ቁልፉን ተጭኜ ከገንዳው ቀዳሁ። አረንጓዴ ሆኖ «ተጠናቋል» አለ። ተጨበጨበ። አቶ ሸዋንግዛው ኮምፒውተሩ ላይ የታሰረውን ሪባን ሲቆርጡ የማውሱን ገመድ አብረው ቆረጡት፤ ለእሱም ተጨበጨበ።

በመስቀል ማግስት ማሽኑ ባለቤት ያላገኘላቸው መሬቶች ዝርዝር በር ላይ ተለጠፈ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ባለቤቱ ካልተገኘ ክፍት መሬት ተብሎ ለባለሀብት ይሰጣል። የእኛ ቡና ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ።

አባባ ያን ዕለት መጣ። ስሙን ጻፍኩ። ማሽኑ አራት ፋይል አወጣ፤ የጋሽ ናስርን፣ የወይዘሮ ወርቅአፈራሁን፣ የሌሎቹን ሁለት ጎረቤቶቻችንን። አባባ በአራቱም ውስጥ አለ፤ ለአንዱ በምሥራቅ፣ ለአንዱ በምዕራብ፣ ለአንዱ በሰሜን፣ ለአንዱ በደቡብ አዋሳኝ ሆኖ። የራሱ ፋይል ግን የለም። ትንሽ አሰበና «አራት ቦታ አጥር ነኛ፤ ግቢው የት ሄደ በላቸው» አለኝ። ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ እትዬ፣ እያወቅሁ።

የእኛ ፋይል በዚያ በመጨረሻው ጥራዝ ውስጥ እንደነበረ ወዲያው ነው የገባኝ። በአንዲት ጣቴ አርባ ሦስት አባወራ አጥፍቻለሁ። ጽሑፉ ማሽኑ ውስጥ በሰላም ተኝቷል፤ እንደገና እንዲወርድ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ለዚያ ግን «ተሳስቻለሁ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ በዚያ ወር ደግሞ ቋሚ ቅጥሬ ሊጸድቅልኝ ነበር። ስለዚህ አባባን «ነገ ና» አልኩት። የገዛ አባቴን፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ።

እሱም ነገ መጣ። ከነገ ወዲያም መጣ። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ዝናብ፣ የሙዝ ቅጠል አናቱ ላይ ደፍቶ። አንድ ቀን ጋሽ ናስር ሊመሰክሩለት አብረውት መጡና አቶ ሸዋንግዛውን «ኃይለጊዮርጊስ ከሌለ የእኔ መሬት በምዕራብ በኩል የት ነው የሚያቆመው? እስከ ጁባ የእኔ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ ሸዋንግዛውም የአዋሳኝ ፋይል ሰውዬው መኖሩን እንጂ መሬቱ የእሱ መሆኑን አያስረዳም አሉ። አባባ ሲወጣ «መኖሬን አምነዋል፤ ለዛሬ ይበቃል» አለኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቀረ። ብርዱ ሳንባው ገብቶ ነበር። በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 9፣ ጎህ ሲቀድ አረፈ።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ እትዬ። ሽማግሌዎች በማለዳ ደጅ ቆመው ነው። አማን ድረስ የምልከው ሽማግሌ ስላጣሁ ነው ማርዋንና የአገር ልጆችን አጠገብሽ ያስቀመጥኳቸው። ይያዙሽ። አልቅሺና ስትጨርሺ ቀጥዪ፤ የቀረው የእኔ ጉድ ነው።

በሣልስቱ ማግስት ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኢሳይያስ በስልክ እየመራኝ ያ ጥራዝ እንደገና ወረደ። ማሽኑ ሰባት ደቂቃ ፈጀበት፤ እኔ ሃያ አምስት ቀን። አርባ ሦስቱም ስም ወጣ። አርባ ሁለቱ መጥተው ስማቸው ሲነበብ በጆሯቸው ሰሙ። ለአርባ ሦስተኛው እማዬ ከል ለብሳ ፈረመች። አቶ ሸዋንግዛው ለበላይ አካል «ሥርዓቱን የማሻሻል ሥራ መቶ በመቶ ተከናውኗል» ብለው ሪፖርት ላኩ፤ እኔንም አሰናበቱኝ። በዚህኛው እንኳ አልተሳሳቱም።

መሬቱ ተርፏል። እማዬ ማሽን ተሳሳተ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ጣቱ የእኔ መሆኑን አልነገርኳትም። አርባው ኅዳር 18 ነው፤ በማግስቱ እነግራታለሁ። ለአንቺ አስቀድሜ የጻፍኩት ያን ዕለት እንዳልሸሽ ነው። ከእንግዲህ እህቴ አትበለኝ ብትዪም አንቺ ታውቂያለሽ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ እንዳትመጪ፣ ኮንትራትሽን ጨርሺ ብላለች። እህታችን ሳራ ቀይ ቡና ለቀማ ላይ ናት፤ እጇ ስለቆሰለ ነው ያልጻፈችልሽ፣ ሰላም ብላሻለች። ጋሽ ናስር የምዕራብ ድንበሬን አፈር አልብሼ መጣሁ በላት ብለው አልቅሰዋል። አባባ ሰላም ብሎሻል የሚለው መስመር እዚህ ጋ ነበር የሚገባው። ስሙን የፈለገ ሰው ግን አሁን አምስት ቦታ ያገኘዋል፤ አራቱ ላይ አዋሳኝ፣ አንዱ ላይ ባለይዞታ።

ወንድምሽ ጥበቡ ኃይለጊዮርጊስ
ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.