ስለ «የእጆች ከተማ» መታገድና ስለ ሟቹ ባለቤቴ ድምፅ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ለክቡር አቶ ሀብተሥላሴ
ላስ ቬጋስ

ጉዳዩ፦ መጽሐፌ ወደ ማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት እንዲመለስና ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ስለመጠየቅ

አመልካች የማኅበሩ አባል ስሆን፣ ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በአንድ ካዚኖ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ይህን በብሬክ ሰዓቴ ስለምጽፈው፣ ወሬዬ ቢበዛ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. «የእጆች ከተማ» የተባለውን ልብ ወለዴን በስድስት ዓመት ጽፌ ሳሳትም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። ታሪኩ በመጪው ዘመን ከመሬት በታች ስላለች ከተማ ነው። እዚያ «ጓድ ማሽን» የሚሉት መሣሪያ በሕዝቡ ፈንታ ያስባል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ እጅ ይቆጥራል። ያልመጣ ሰው እጁን እንዳነሣ ይቆጠራል። ስለዚህ በከተማዋ ተቃውሞ ተመዝግቦ አያውቅም።

2. ሐሳቡ የባለቤቴ የይልማ ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ጓደኛው «ፀረ አብዮት» ተብሎ ሲወገዝ እሱም እጁን አነሣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ አርባ ዓመት ያህል በየትኛውም ስብሰባ እጁን አላነሣም። እርስዎም «የይልማ ክንድ ዛሬም አልዳነም?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

3. መስከረም 26 ቀን የተጠራው ስብሰባ መጽሐፉ «የሶሻሊዝምን ትግል ያጠለሻል» ብሎ ከመደርደሪያው አስወረደው። እርስዎ ሞስኮ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ቅር ቢልዎት አልፈርድም። ነገር ግን ስጠይቅዎት፣ «አስካልዬ፣ እኔ እንኳ ገና አላነበብኩትም፤ ሕዝቡ ነው ያልወደደው» አሉኝ። የትኛው ሕዝብ? እኔ ሺፍት ላይ ነበርኩ!

4. ቃለ ጉባኤውን አስወጥቼ አየሁት። «በሙሉ ድምፅ» ይላል። ከአባላት መዝገብ እንዳለ የተገለበጠ ሠላሳ አንድ ስም ተደርድሮበታል፤ የእኔም አለ። ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ አቶ ይልማ መጽሐፉ ይውረድ ብለዋል። ይልማ ያረፈው የካቲት ላይ ነው። ቀብሩ ላይ ንግግር ያደረጉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ አልዋሽም። እሱ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። የጻፍኩት ማሽን እዚሁ እኛ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳገኘው እንዴት አልስቅ? ቀጥሎ ግን ይህን ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ክርክር ካለም ያነበቡት ሰዎች በአካል ተገኝተው እንዲከራከሩበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ ባይፈቀድልኝ እንኳ አንድ ነገር አይከልክሉኝ። መጽሐፌን እንደገና ማገድ ትችላላችሁ፤ የይልማን እጅ ግን ያውርዱለት።

ከማይጎድል አክብሮትና ሰላምታ ጋር

አስካል ገንዘቤ
(ፊርማ)