ድምፄን ሳትሰሚ ለሮጥሽው፣ ለቦራዬ

ቦራዬ፣ የቤቴ ሯጭ፣

ስትለዪን የጓሮው በረዶ ገና ቀልጦ አላለቀም ነበር። አሁን የጎረቤታችን ዛፍ ቅጠሉን እኛ ግቢ ላይ ማራገፍ ጀምሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጽፍልሽ እያሰብኩ፣ ለውሻ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ እያልኩ ሳፍር ከረምኩ። ትናንት ማታ ባለቤቴ ዳዊት ከሥራ ሲገባ አየሁት። አንድ እግሩን አስገብቶ፣ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ክፍተቱን በጉልበቱ ከለለው። እንዳታመልጪ ነዋ። ባዶ ቦታ እየከለለ መሆኑ ሲገባው ቀና ብሎ አየኝ፤ ጃኬቱን ሰቅሎ ወደ ሻወር ገባ። ያኔ ሐፍረቱ ለቀቀኝና ወረቀት አነሳሁ።

ቤታችን ደህና ነው። ምንጣፉን አሳጥበነዋል፤ ጸጉርሽ ግን አሁንም ለቤተ ክርስቲያን ብዬ የማወጣው ጥቁር ቀሚሴ ላይ ይገኛል። ጓሮ ውስጥ ለልምምድ የምትጥመለመዪባቸው እንጨቶች እንደተተከሉ ናቸው። ዳዊት ሣር ሲያጭድ በየመሃላቸው በእጅ መቀስ ይቆርጣል እንጂ አይነቅላቸውም። ሶፋው ላይ ያንቺ ቦታ እማማ ጥሩወርቅ ይቀመጡበታል። አዎ፣ የዳዊት እናት፤ አንድ ጊዜ ከቤት ትውጣ ብለው የፈረዱብሽ እማማ ጥሩወርቅ። ልጃችን ሊያ ኮሌጅ ልትጨርስ ነው።

የመጣሽበትን ቀን አንቺ ባታስታውሺውም እኔ አልረሳውም። በፈረንጆቹ 2006 ነው፣ እዚሁ ፈረንጅ አገር አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ሳለን። የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ያለች ባልደረባዬ ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር ውሻዋን የሚወስድላት አጣች። ሊያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ "ለዊክኤንዱ ብቻ" ብላ ለመነችኝ። ያ ዊክኤንድ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ። ጥቁር ነሽ፣ ከግንባርሽ እስከ አፍንጫሽ ድረስ ግን ነጭ ወርዶብሻል። ዳዊት ገና ሲያይሽ "ቦራ!" አለ። አባቱ አገር ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬ እንዲህ ይባላል አለን። ፈረንጆቹም ሳይቸገሩ የሚጠሩት ስም ሆነ።

ግን መከራችንን አሳየሽን! የሶፋውን ክንድ በላሽ። ዳዊት የዚያን ሰሞን ከኤርፖርት ሥራው ተቀንሶ ነበርና ለኢንተርቪው ያስቀመጣትን አንዲት የቆዳ ጫማ ቆረጣጠምሽ። ፓርኪንጉ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች እንደ በግ መንጋ እየዞርሽ አንድ ጥግ ላይ ትሰበስቢያቸው ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እናቶቻቸው ይጮሃሉ። የአፓርትመንቱ ኃላፊ አንድ ቀን በራችንን አንኳኩቶ "ወይ ትረጋጋ፣ ወይ ትሂድ" አለን። የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድንሽና፣ ይህች ውሻ ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅኋት። ከላይ እስከ ታች መርምራሽ፣ "ምንም አልሆነችም። ለሥራ የተፈጠረች ናት፤ ሥራ ግን የላትም። ሥራ ስጧት" አለችን።

መኪና ውስጥ ስንገባ ዳዊት ወደ ኋላ ዞሮ አየሽና፣ "እኔና አንቺ አንድ ነን በይኛ" አለሽ። ከተቀነሰ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እማማ እስኪመጡ ድረስ ትሂድ የሚል ሰው ቤታችን ውስጥ አልተገኘም።

ሐኪሟ ናት ስፕሪንግፊልድ አጠገብ ያለውን ሜዳ የጠቆመችን። አሠልጣኟ ጁዲ፣ ሽበታም፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ ጨዋታውን አስረዳችኝ። ውሻው ሜዳው ላይ የተደረደሩትን መሰናክሎች በተራ ያልፋል፤ ይዘላል፣ በጨርቅ ዋሻ ውስጥ ይሾልካል፣ በተተከሉ እንጨቶች መሃል ይጥመለመላል፣ እንደ ቤት ጣራ የተጋጠመ መወጣጫ ወጥቶ ይወርዳል። ባለቤቱ አብሮ እየሮጠ መንገዱን ያሳየዋል። ገመድ የለም፤ መንካትም ክልክል ነው። "ያለሽ ድምፅሽና ሰውነትሽ ብቻ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስፖርት ክፍለ ጊዜ ወዲህ ሮጬ አላውቅም።

ዋሻው አፍ ላይ ቆመሽ የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ ስደጋግምልሽ ፊቴን ብቻ ታዪ ነበር። ተናደድኩና፣ ውጭ የመሸበትን ልጅ እንደምጠራ፣ "ግቢ!" ብዬ ጮህኩ። ሽው ብለሽ ገብተሽ በወዲያኛው በኩል ወጣሽ። ጁዲ አጨበጨበች። "ይህን ቋንቋ አትተዪ፤ ሜዳው ላይ ማንም ስለማይናገረው ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር አይምታታባትም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዝለይ፣ ውጪ፣ ዙሪ፣ ጠብቂ፣ ጎበዝ ሆነ ቋንቋሽ። ሊያ ለእኛ በእንግሊዝኛ እየመለሰች አንቺን ግን በአማርኛ ታዝሽ ነበር። እኔና አባቷ ስንት ዓመት የለፋንበትን "ነይ"ና "ና" አንቺ አስለየሻት።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ያደረግሽውን ታውቂያለሽ? ሁለት መሰናክል በወግ ዘለልሽ፣ ሦስተኛውን ትተሽ አጥር ዳር ሳንድዊች የሚበላ ሰውዬ ዘንድ ሄደሽ ተቀመጥሽ። ሰውዬው በሳቅ ሞተ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዓመቱ ግን ያው ሜዳ ላይ እንደ ውሃ ፈሰስሽ። ስትዘዪ ከሚያስፈልገው በላይ አትነሺም፣ ስትዞሪ ሆድሽ ሣሩን ይነካል፣ እንጨቶቹ መሃል ስትገቢ ነጩ ግንባርሽ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል። እየሮጥሽ እንኳ ዓይንሽ ከእኔ አይለይም። የሽልማት ሪባን አምጥተናል፣ ግድግዳው ላይ አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ስሳሳት፣ በተሳሳተ እጅ ሳሳይሽ፣ አንድም ቀን ተቀይመሽኝ አታውቂም። ያልኩሽን በሙሉ ልብሽ ትሠሪና "ቀጥሎስ?" በሚል ዓይን ታዪኝ ነበር። እንደዚያ ያመነኝ ፍጡር አላጋጠመኝም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ወሬው ሌላ ነበር። "ከውሻ ጋር ትሮጣለች አሉ፤ ደህና ናት?" ይባላል። ዳዊት "ከእኔ ጋር ከመሮጥ ይሻላታል" እያለ ያልፈዋል።

ዳዊት ሥራ አግኝቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት እንደገዛን እማማ ጥሩወርቅ ከአገር ቤት መጡ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ አዩሽ። "ይህቺ እቤት ነው የምታድረው? እኔ የምጸልይበት ቤት ውሻ አይገባም" አሉ። እኔም "እማማ፣ የእርስዎ ክፍል አትገባም፤ ቃሌ ነው" አልኳቸው። በራቸው ላይ አንድ ከሰዓት ብቻ አስተማርኩሽ። ከዚያ በኋላ በሩ ተበርግዶ ቢውል፣ ዳቦ እንኳ ደፉ ላይ ቢወድቅ አትሻገሪም፤ ከውጭ ተኝተሽ አፍንጫሽን መስመሩ ላይ ታደርጊያለሽ። ሳምንት ሙሉ በድብቅ ሲፈትኑሽ ነበር። አንድ ጠዋት ኩሽና መጥተው፣ "እኔ ልጆቼን እንኳ እንዲህ አላሳደግኩም" አሉኝ። በዚያው ሰሞን ምሳቸውን ሲጨርሱ ለአንቺ የሚተርፍ ሥጋ መኖር ጀመረ።

ከዚያ አንድ ውድድር ካልወሰዳችሁኝ አሉ። ነጠላቸውን ለብሰው ታጣፊ ወንበር ላይ ከፈረንጆቹ መሃል ተቀመጡ። መወጣጫው ጫፍ ላይ ስትደርሺ ደስታው አላስችል ብሏቸው ብድግ አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ቀጥ ብለሽ ቆምሽ! ከጣራው ጫፍ ላይ፣ ጆሮሽን አቁመሽ፣ ዞረሽ እሳቸውን ታዪ ጀመርሽ። ሰዓቱ ሄደ፣ ውድድሩም ሄደ። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው "አበላሸሁባት፣ አበላሸሁባት" ይላሉ። ከዚያ ወዲህ እልል የሚሉት ከጨረስሽ በኋላ ብቻ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ አንድ የጸደይ ውድድር ላይ እማማ ራሳቸውን መግታት አቃታቸው፤ ገና ግማሽ ሳትደርሺ እልል አሉ። አንቺ አልዞርሽም። ዳዊት "ለመደችው፣ ጎበዝ!" አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔ ግን ልቤ ወደቀ፤ ከእልልታው ቀድሞ እኔም "ዙሪ" ብዬሽ አልዞርሽማ። ማታ ቤት ተኝተሽ ሳለ ከኋላሽ ቆሜ ስምሽን ጠራሁ። ጮክ ብዬ ደገምኩ። የጎድን አጥንትሽ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አልነቃሽም። ወለሉን በእግሬ ስመታ ብቻ ቀና አልሽ፣ አይተሽኝም ጭራሽን ቆላሽ።

ሐኪሟ መስማትሽ ጨርሶ ሊጠፋ እንደ ደረሰ፣ ምናልባትም ወራት እንዳስቆጠረ ነገረችን። ጁዲ እያዘነች፣ "ክብሯን እንደያዘች ከውድድር ትረፍ" አለችኝ። እኔም ተስማማሁ። አንቺ ግን አልተስማማሽም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ በሩ ላይ ቀድመሽ ትገኛለሽ፤ ሳንወጣ ስንቀር እንጨቶቹ ዘንድ ሄደሽ ብቻሽን ትጥመለመያለሽ፣ ከዚያ ዞረሽ መስኮቱን ታያለሽ። ይህን ማየት አልቻልኩም።

ክረምቱን በሙሉ ቤዝመንት ውስጥ በእጄ አስተማርኩሽ። አስተማርኩሽ ስል ራሴን ነው የማሞግሰው፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለካ ስንት ዓመት ስለፈልፍ አንቺ ትከሻዬን ስታነቢ ኖረሻል! እግሬ ወደየት እንደዞረ፣ እጄ ከፍ ይበል ዝቅ፣ ሁሉንም ታውቂው ነበር። እኔ ነኝ የማደርገውን የማላውቀው። አንድ እጅ ሲዘረጋ ዋሻ፣ መዳፍ ሲገለበጥ ዙሪ፣ አውራ ጣት ሲነሳ ጎበዝ። እማማም ምልክቶቹን ለመዱ፤ ምግብሽን ሲሰጡሽ አውራ ጣታቸውን ያነሱልሻል።

በበልጉ አንድ ውድድር ብቻ ገባን። ጁዲ አጥሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ትንፋሼና የእግርሽ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ፈጣን አልነበርሽም። ዋሻው ውስጥ ስትገቢ እኔን እንዳታጪኝ ሮጬ መውጫው ላይ ጠበቅሁሽ፤ ጭንቅላትሽን ስታወጪ ዓይንሽ እጄን ፈለገና አገኘው። የመጨረሻዋን መሰናክል ስትዘዪ አንድም ስህተት አልነበረም። ሦስተኛ ወጣሽ። እማማ እልል ቢሉ እንደማትሰሚ ያውቃሉ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው አውለበለቡልሽ። አየሻቸው፣ በርረሽም ሄድሽ። ጁዲ ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ትጠርግ ነበር። ከዚያ በኋላ በቃሽ አልኩሽ፣ አንቺም ያኔ ተስማማሽ።

ሁለት ዓመት ያህል ደህና አረጀሽ። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ጓሮ ውስጥ ወድቀሽ አገኘንሽ፣ ድድሽ ነጭ ሆኗል። ጣፊያሽ ላይ ሳናውቀው ያደገ ዕጢ ፈንድቶ ደም ውስጥሽ እየፈሰሰ ነበር። ሐኪሟ "ልታስቆዩአት ብትሞክሩ የምታቆዩት ስቃይዋን ነው" አለች። ሊያ ከኮሌጅ እስክትደርስ ማስታገሻ ሰጠችሽ። ሊያ ወለሉ ላይ አጠገብሽ ተኝታ፣ እንደማትሰሚ እያወቀች፣ "ቦራዬ፣ ጎበዝ፣ የኔ ጎበዝ" ትልሽ ነበር፤ በአማርኛ። ዳዊት ግድግዳውን ይዞ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ ዓይንሽ ወደ እጄ መጣ፣ ቀጥሎስ? እንደምትዪኝ። የማዝሽ ነገር አልነበረኝም። እጄን ነጩ ግንባርሽ ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚያው ሳለ አረፍሽ።

በማግስቱ ሥራ አልሄድኩም። ለውሻ ለቅሶ አይደረስም፣ ማንም ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ለካ እማማ ስልክ ለሚደውል ሁሉ "ቤታችን ሐዘን ላይ ነው" እያሉ የማን ሐዘን እንደሆነ አልተናገሩም! ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሁለት ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ድስት ይዘው ከተፍ አሉ። አንደኛዋ እያለቀሰች "ማነው የሞተው? ከአገር ቤት ነው?" አለች። እኔ ወለሉ ይዋጠኝ አልኩ። እማማ ሳያፍሩ፣ "ቦራ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ቤታችንን ያገለገለች። ተቀመጡ" አሏቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ትሄዳለች ብዬ የጠበቅኋት ድስቷን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቆይታም፣ "እስቲ እንዴት እንደምትሮጥ ንገሪኝ" አለችኝ። ነገርኳት፣ ቦራዬ። እስኪመሽ ነገርኳት።

ባለፈው ሳምንት ጁዲ ኮል አደረገችልኝ። ጀርመንታውን ያሉ ባልና ሚስት ከተወለደች ጀምሮ የማትሰማ ነጭ ቡችላ ወስደዋል፤ ማንንም ቀና ብላ አታይም፣ ትሮጣለች፣ ትነክሳለች፣ ሊመልሷት ነው አለችኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሜዳውን ረግጬ አላውቅም። ሄድኩ። ባልና ሚስቱ ቡችላዋን ሲለቋት ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ምንም ሳላደርግ ጠበቅሁ። ቡችላዋ ዞረች፣ ሮጠች፣ ደከማት፣ በመጨረሻም ምን ሆና ነው ብላ ነው መሰል አየችኝ። ያኔ እጄን ዘረጋሁ። እየተጠራጠረች መጥታ አፍንጫዋን መዳፌ ላይ አደረገች። ሚስትየዋ አፏን በእጇ ይዛ፣ "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለችኝ።

"ቦራ" አልኳት። በየቅዳሜው እመጣለሁ ብያታለሁ። ቡችላዋ እንጨቶቹን እስክትለምድ፣ ከእሷም በኋላ የሚመጣ ካለ እጄ እስኪደክም ድረስ፣ በጠየቁኝ ቁጥር ስምሽን እየጠራሁ አስተምራለሁ።

እናትሽ ገነት
ሲልቨር ስፕሪንግ