ሳል የሌለው ድምፅ

ለታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ? የልጅሽ ልጆችስ አደጉ? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ደረቴ ብቻ ክረምትና በጋ መለየት ትቶ ሲያንኳኳ ይውላል።

ልጅሽ ስታነብልሽ «የእጅ ጽሑፉ ተለየብኝ» ብትል አትደንግጪ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ልጄ ነበር። ይህን የሚጽፈው የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ነው። ለምን ብለሽ አትጠይቂ። ፊደል ባልቆጥርም ጸሐፊዬን መምረጥ አያቅተኝም።

በአውቶቡስ ሹፌሩ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «በስልክ እንዳዘዝከኝ የእናታችንን ቤት ለመሸጥ ተስማምቻለሁ፣ ገዢው ወረቀቱን ሲያመጣ አውራ ጣቴን አኖርበታለሁ» ብለሻል። እህቴ፣ እኔ አልደወልኩልሽም። እንኳን ቤቱን ሽጪ ልልሽ የበሩን መቀርቀሪያ ለውጪ ብዬሽ አላውቅም።

ነገሩ የመጣው ከዚያ ጉባኤ ነው። ከየአገሩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች፣ የዲጂታል መሣሪያ ሠሪዎችም አንገታቸው ላይ ካርድ አንጠልጥለው እዚህ ተሰብስበው ነበር። ልጄ የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ቴክኒሻን አይደለም? ከኔ በላይ የሚታወቅ ድምፅ የለም ብሎ ወሰደኝ። እውነቱን ነው። የጣቢያው በር ጠባቂ ሳለሁ ነው አለቃው በር ላይ ስጮህ ሰምቶ ማይክሮፎን ፊት ያቆመኝ፤ ይኸው ስንት ዘመን አገሩ በኔ «እንደምን አደራችሁ» ይነቃል።

ከጉባኤው በፊት ግድግዳዋ ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል አስገባኝ። ተረት አወራሁ፣ ቆጠርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሳቅሁ። ሳል በመጣብኝ ቁጥር ግድ የለህም አባዬ፣ እሱን በኋላ እናጸዳዋለን ይለኛል። መጨረሻ ላይ «እስቲ አክስቴን በስልክ እንደምታናግራት ሆነህ አውራ» አለኝ። አወራሁ። ሞኝ ነኝ? አይደለሁም፤ አባት ነኝ።

በጉባኤው ቀን ፊት ወንበር ላይ አፌን ዘግቼ ተቀምጬ ሳለሁ ድምፄ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ወጣ፤ ያልተናገርኩትን ይናገራል። መጀመሪያ በማላውቀው ቋንቋ፣ ቀጥሎ በኛው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ኮርቻለሁ፣ ምን እዋሽሻለሁ! ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት ሸበቶ የውጭ ሴት ብቻ አላጨበጨበችም። እጄን ያዝ አደረገች፣ ልክ እንደ ለቅሶ ደራሽ። ማን ሞተባት አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ፊቴን አያይም። ስልክ ሲይዝ ወደ ጓሮ ይወጣል። ባለፈው ወንበሬን አውጥቼ ፀሐይ ልሞቅ ስል ከጓሮ የራሴን ሳቅ ሰማሁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጫማ ሰፊው እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ፣ አባባ፣ ይህንንም ልጻፈው? ይለኛል። ጫማ ቢሆን በምስማር ትመታው አልነበር፣ ጻፍ እንጂ አልኩት።

አሁን አስቢ። ያ የደወለልሽ ሰው አሳለ? እኔ ሁለት ነገር ሳላስል ተናግሬ አውቃለሁ? አንቺው አይደለሽ እንዴ «ጋሼ ከመድረሱ ሳሉ ይደርሳል» እያልሽ የምትስቂብኝ? ሳሌን እንደ ጥራጊ አውጥተው ጣሉት። የቀረው እኔ አይደለሁም።

ጣትሽን ሰብስቢ። ገዢው ቢመጣ «ወንድሜ በእግሩ መጥቶ፣ በፊቴ ቆሞ ይንገረኝ» በይው። መልስሽን በሹፌሩ ለጫማ ሰፊው ላኪ፣ ወደ ቤቴ አትላኪ። ልጄን ግን አትርገሚብኝ። የወለዱትን አይተፉት።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ያሉኝን አላስጽፍም፤ ይኼ ጫማ ሰፊ ሆደ ባሻ ነው፣ ወረቀቱን ያበላሽብኛል።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የእናታችን ጣራ አያፍስስብሽ፤ የልጅሽ ልጆች በዚያ ደጃፍ ይሩጡበት።

ስልኩ ገና ይደወልልሻል። ድምፁ ያማረ፣ ከኔ የጠራ ይሆናል። ደህና ነኝ፣ አገግሜያለሁ፣ ሳሌም ተወኝ ይልሻል። ያን ቀን ስልኩን ዝጊና ለቅሶዬን ተቀመጪ።

ወንድምሽ፣
የሚያስለው ጋሼሽ