ለአባባ የተላከ ሰላምታ

ለቡጢ ሻምፒዮኑ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ የኔ ንዴት ብቻ አልበረደም።

በላክኸው ብር ጣሪያው ታድሷል። ቀበቶውን የወሰድክ ዕለት ጎረቤቱ ቤታችን ሞልቶ ሲጨፍር፣ እኔ ግን ጭንቅላትህን ሲቀጠቅጡህ ማየት አቅቶኝ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አባረርኳቸው። ክፉ ይበሉኝ! ስደውልልህ አሰልጣኝህ አንስቶ፣ «ትንሽ ደክሞት ነው» አለኝ። እሱ ምን አለበት፣ ቡጢውን አይቀምሰው!

አንተን ሲያገናኘኝ ደግሞ፣ «አባባ ደህና ናቸው?» አልከኝ። አምና መጥተህ አስከሬናቸውን የተሸከምከው አንተ አይደለህም? ምን ዓይነት ቀልድ ነው ብዬ ሰደብኩህ። አንተ ግን «በይ ለአባባ ሰላም በይልኝ» ብለህ ዘጋኸው።

እማማ ጉንጭህን ትስማለች። ለአባባ የላክኸውን ሰላምታ ግን እኔ አላደርስም፤ ጓንትህን ጥለህ ና፣ መቃብራቸው ላይ ቆመህ ራስህ አድርስ።

ያኮረፈችህ ታላቅ እህትህ