እስኪመሽ ድረስ ነው የማየው

ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለተኛው ዙር ዳቦ ከምድጃ ከወጣ በኋላ

የኔ ጌታ፣ የልጄ አባት፣

እባክህ ይሄን ጊዜ እመነኝ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይሄን ብቻ እመነኝ። እያስመሰልኩ አይደለም፣ አንተን ለማስመጣትም አይደለም፣ እንዳውም አትምጣ፣ ስራህን ይዘህ እዛው ቆይ፣ ብቻ እመነኝና ለእናትህ፣ ለእማማ፣ ደውልላቸው። ዛሬውኑ። ምን እንደምትላቸው እዚሁ እጽፍልሃለሁ፣ አንብበህ ሳትጨርስ አጣጥፈህ ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ገና «ሄሎ» ስትለኝ እንባዬ ይቀድመኛል፣ አንተም «ይኸው ጀመረሽ» ትላለህ፣ ከዛ ፎርማኑ ይጠራሃል፣ አለቀ። ደሞ ስልኩ የእማማ ነው፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው እየሰሙ ነው የማወራው። ወረቀት ላይ ግን ባለቅስም አይሰማህም። የዱቄት መኪናው ሹፌር እዚህ አራግፎ በናንተ ሳይት በኩል ነው የሚያልፈው፣ «ከሰዓት እደርሳለሁ፣ በእጁ ነው የምሰጥልሽ» ብሎኛል። እሱ ከረጢቱን እስኪያወርድ ድረስ መስኮቱ ስር ቆሜ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ከተንጋደደ አትሳቅብኝ፣ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ፊደል ነው።

አይኔ ሲመሽ አያይም።

ቀን አያለሁ። ቀን መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እለቅማለሁ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግን አንድ ሰው ከውስጥ መጋረጃ እንደሚስብብኝ ሁሉ ድፍን ይልብኛል። ሌላው ሰው እኮ ድንግዝግዝ ሲል ጥላ ያያል፣ በሩ የቱ ጋ እንደሆነ ይለያል፣ እኔ ምንም። አምፖል ሲበራም አምፖሉ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ጥጋጥጉ ሁሉ ጥቁር ነው።

ባለፈው ታምሜያለሁ ስልህ ፈቃድ ለምነህ መጣህ። ምን አየህ? ልብስ አጥቤ ከገመድ ላይ ስሰበስብ አገኘኸኝ። «አንቺ ደህና አይደለሽ እንዴ?» ብለህ ፊትህ ጠቆረ። ደህና ነበርኩ እኮ፣ ቀን ነበራ! ተናደህ በዛው በቀን አውቶብስ ተመለስክ። ትንሽ ብትቆይ፣ እስኪመሽ ብቻ ብትቆይ፣ ውሃ ስቀዳልህ ብርጭቆውን ስቼ ጠረጴዛው ላይ ሳፈሰው ታየኝ ነበር።

ከዛን ቀን ጀምሮ እማማ ፋታ አልሰጡኝም። «አይንሽ የሚጠፋው እቃ ሊታጠብ ሲል ነው አይደል? ለወሬ ሲሆን ማዶ ያለ ጉንዳን ትቆጥሪያለሽ!» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ፣ ምን ላርግ።

ዳቦ ቤት ሳይነጋ እንደሚገባ ታውቃለህ። ረጅሟን ታስታውሳታለህ፣ ሊጥ የምታቦካዋን፣ ጎረቤታችንን። የሷን ሻርፕ ጫፍ ይዤ ነው የምሄደው። ለሷም እውነቱን አልነገርኳትም ነበር፣ «ጨለማ እፈራለሁ» እያልኩ ነው። ሰው ሲያየን በጣም የምንዋደድ እህትማማቾች እንመስላለን። ሰኞ ለት ግን ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል ሻርፑ ከእጄ ወጣ። ዳበስ ዳበስ አርጌ መልሼ ያዝኩት። ይዤ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ እማማን እያማሁ፣ አንተን እያማሁ፣ ስለ እግሬ እብጠት ስለ ጡቴ ማሳከክ ሁሉ ሳይቀር እየዘከዘክሁ፣ መልስ የለም። ያኮረፈች መስሎኝ «ምነው ዛሬ አፍሽን ቆለፍሽው?» ስላት አንድ ወፍራም ድምጽ «እህቴ፣ እኔ እንኳን የጋራዡ ዘበኛ ነኝ» አይለኝም! የካፖርቱን መቀነት ነው ለካ የያዝኩት!

ደንግጬ ለቀቅኩት። ረጅሟ ከኋላ ስትጠራኝ ወደ ድምጿ ዞርኩ፣ አንድ እርምጃ፣ ከዛ መሬቱ የለም። ክፍት ቱቦ ውስጥ ገባሁ። በጎኔ ነው የወደቅኩት፣ በሆዴ አይደለም፣ እግዜር ይመስገን። እሷና ዘበኛው ጎትተው አወጡኝ። ልጁ ግን ዝም አለ። ሁልጊዜ ጠዋት የሚያተራምሰኝ ልጅ ዝም አለ። ሆዴን ይዤ «ተው እንጂ አባዬ፣ ተው አታስፈራራኝ» እያልኩ ለመንኩት። ረጅሟ ከነስራ ልብሷ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሮጠች፣ ስንደርስ ነግቷል። ሲስተሯ ሆዴ ላይ ያንን ማዳመጫ ስታሳርፍ እግዜርን ጠራሁ። ከዛ ፈገግ ብላ አሰማችኝ። ልቡ እንደ ፈረስ ይጋልባል! ሰማሁት እኮ፣ አንተ ሳትሰማው ሰማሁት። ቆይቶም ረገጠኝ። ይኸው አሁንም እየገፋኝ ነው፣ መስመሩ የተጣመመው በሱ ነው።

ከዛ ሲመሽ አይኔ እንደማያይ ስነግራት «ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

«ዳቦ።»

«ከዳቦ ጋር?»

«ሻይ።»

«ማታስ?»

«ከሱቅ የተረፈውን ዳቦ ይዘን ነው የምንገባው፣ ሲስተር።»

«ጎመን? ካሮት? እንቁላል? ወተት?»

እንቁላል ከጸነስኩ ወዲህ ይሸተኛል አልኳት። ካሮት አንድ ቀን ገዝቼ እማማ «ጥንቸል ነው እንዴ ያረገዝሽው?» እንዳሉኝ ግን አልነገርኳትም።

«ይሄ ያንቺ ነገር ዳፍንት ይባላል» አለችኝ። «የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ልጁ ድርሻውን ይወስዳል፣ ላንቺ የሚተርፍ የለም። ይድናል፣ አትፍሪ።» ይድናል አለችኝ! ደምሽም ወርዷል አለች። ደረጃ ስወጣ የሚያፍነኝ፣ ትሪ ሳነሳ እጄ የሚዝለው፣ ስንፍና አይደለም ማለት ነው። እኔ እኮ ስንት ቀን ራሴን ስሰድብ ኖሬያለሁ። ወደ ረጅሟም ዞር ብላ አፏን አየቻት። የከንፈሯ ጥግና ጥግ ተሰንጥቆ ስትስቅ በሁለት እጇ ይዛው ነው የምትስቀው፣ እኛ ብርድ ነው እያልን ቅባት እንቀባላታለን። «አንቺም ቁጭ በይ» አለቻት። «ዳቦ ትጋግራላችሁ፣ ዳቦ ትበላላችሁ፣ ሆዳችሁ ይጠግባል ሰውነታችሁ ይራባል።»

ኪኒን ሰጠችኝ፣ አንዱ ለአይኔ፣ አንዱ ለደሜ። ጎመኑንም ካሮቱንም ፓፓያውንም ከቻልሽ ብይ አለች። «ቶሎ ይሻለኛል ብለሽ ካልኩሽ በላይ እንዳትውጪ፣ ያይኑ ሲበዛ ጽንሱን ይጎዳል» ብላ ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችኝ።

አንዷንም አልዋጥኩም። እማማ ወሰዱት።

ኪኒኑን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቁምሳጥኑን ከፍተው የእህትህ ልብሶች ያሉበት ጋ አስገቡትና ቆለፉት፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። «ልጄ እንዲህ ያለ ኪኒን ስትውጥ ነው ህጻኑ የገዘፈባት» አሉኝ። «ገዝፎ አልወጣ ብሎ ነው የገደለብኝ። አንቺን ደግሞ አልቀብርም።» ምን ልበላቸው? ተንኮል ቢሆን እጣላቸው ነበር። ሌሊት ተነስተው ብርድ ልብሴን የሚያስተካክሉ ሴት ናቸው እኮ።

ትላንት ተመልሼ ሲስተሯን ጠየቅኳት። እህትህ ቤት ውስጥ አምጣ ደም ሲፈሳት እንዳደረ ነገርኳት። «ኪኒን ልጅ አያገዝፍም፣ ደም ነው የሚሞላው» አለችኝ። «ያኔ ቶሎ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት።» ይሄን ለእማማ ስነግራቸው «ሲስተሯ ልጇን ቀብራ ታውቃለች?» ብለው ዞሩብኝ። ዛሬ ስወጣ ግን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ባልሽ በራሱ አፍ ስጪያት ካለኝ እሰጥሻለሁ። እስኪመሽ ካልደወለ ሽንት ቤት ነው የምጥለው፣ ከልጄ ልብስ ጋር ሌላ ሌሊት አያድርም» አሉኝ።

በቃ ይሄ ነው። «ስጪያት እማዬ» በላቸው። ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም። ያንተን ድምጽ ያምናሉ።

አንተም እንደምትፈራ አውቃለሁ። የእህትህን ስም በቤታችን ከጠራን ቆየን፣ እኔም አስነሳሁብህ፣ ይቅር በለኝ። ግን ሳልውጠው ነው እኮ ቱቦ ውስጥ የገባሁት። እሱንም ፍራው።

ናፍቀኸኛል። ድሮ ምሽት የኔ ነበር። በዛች በር ጎንበስ ብለህ ስትገባ፣ ጫማህን ሳታወልቅ «የሚቀመስ የለም እንዴ?» ስትል፣ ቅንድብህ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጥፍሬ ሳነሳልህ። አሁን ሲመሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ድምጽ እለያለሁ። ይሄ የእማማ ነው፣ ይሄ የጎረቤት ሬድዮ፣ ይሄ ድመት። ያንተ የለበትም። ፎቶህን ቀን ቀን ደጋግሜ አየዋለሁ፣ ለማታ እንዲተርፈኝ። አትምጣ ብዬሃለሁ፣ አዎ አትምጣ። ከመጣህ ግን እደር።

የሚያስፈራኝን ደሞ ልንገርህ፣ ለሲስተሯም አልነገርኳትም። ምጡ ማታ ቢመጣስ? ልጁን ደረቴ ላይ ሲያስቀምጡልኝ በእጄ ብቻ ነው የምዳብሰው? አፍንጫው የማን እንደሆነ ሌላ ሰው ነው የሚነግረኝ? አንተ የለህ፣ እኔ አላይ፣ ታዲያ መጀመሪያ ማን ያየዋል ልጃችንን?

ሹፌሩ ክላክስ እያረገብኝ ነው። እግዜር የምትወጣበትን እንጨት ከስርህ ያጽናልህ፣ እጅህን ከብረት ይጠብቅልህ፣ የምትሰራው ፎቅ አልቆ በደህና የምትወርድበትን ቀን ያሳየን። ረጅሟ ሰላም ብላሃለች፣ ዘበኛውም ጭምር፣ አሁንማ ሚስጥራችንን ሁሉ የሚያውቅ ዘመድ ሆኗል።

ሚስትህ

መጀመሪያ ለእማማ ደውል፣ ከዛ በዳቦ ቤቱ ስልክ ለኔ። ካሸሯ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እሺ ካሉህ «እሺ አሉ» ብቻ በለኝ። ዛሬ ረጅሟ ቀድማኝ ነው የምትወጣው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ቤት የምደርሰው መንገዱ ሳይጠፋብኝ ከወጣሁ ብቻ ነው። በእናትህ፣ ሳይመሽ ደውልልኝ።