በጨዋታው የሌለው ሥዕል

ስዌድሩ፣ ጋና፣ ማርች 9 ቀን 1963 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ ለባአባ፤

የአቢጃን ሙቀት እንዴት ይዞሻል የኔ እናት? ሕፃኑስ በደንብ ይጠባል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያመኛል፤ የበቆሎ ኬንኬዬን ይዤ ገበያ ሳልወጣ የቀረሁበት ቀን ግን የለም። አባትሽም ደህና ነው፤ ያው ዝም ነው። ያንን ሾፌር ተከትለሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ብሎ የለ? እኔም መውለድሽን ከሾፌሮች ከሰማሁ ጀምሮ አፌን ይዤ ከረምኩ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። የእነ ኤቦ ቲያትር ቡድን ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሊጫወት መጣ፤ ማስታወቂያውን እንደ ወትሮው አባትሽ ጣውላ ላይ ሣለ። አመሉን ታውቂያለሽ፤ ሰው እንዲጎርፍ ብሎ በጨዋታው የሌለውን ሁሉ ይጨምራል። ሁለት ራስ ያለው እባብ፣ እሳት የሚተፋ ሰይጣን። አሁን ግን እባብም ሰይጣንም የለም። ልጅ ያዘለች ሴት ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ደጃፍ ቆማለች! ሰሌዳውን በመኪና ጭነው ከተማውን ሲያዞሩት ሳይ ኬንኬዬን ጥዬ ልሮጥ ነበር። የሾፌሮች ወሬ ለካ እሱም ጋ ደርሷል።

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። ጨዋታው ልጅቱ ኮብልላ በመጥፋቷ አለቀ። ሴት ሆኖ የሚጫወተው ኤቦ እጅ ሊነሳ ሲል ሕዝቡ ጮኸ፤ «ደጃፍ የቆመችዋ የታለች? የመጣነው ለእሷ ነው!» ምን ያድርግ? የጊታር መቺውን ኮት ጠቅልሎ አዘለና ተመልሶ ገባ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ግን የሚለው ጠፍቶት አፉን ከፍቶ ቀረ።

ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «አንተ ጅል፣ ምን ይገትርሃል? ግቢ በላታ! ልጁን ተቀበላት!»

አባትሽ ነው። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

ሰሌዳ ሌላ ጊዜ ለሚቀጥለው ጨዋታ በላዩ ይቀባበታል። ይሄኛው ግን ቤታችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የሚነካው ሰው ወዮለት። ቀረብ ብዬ ሳየው ሕፃኑ ፊት የለውም፤ ጣውላው እንዳለ ነው።

«ምነው፣ ይሄን ረሳኸው?» አልኩት።

«ያላየሁትን አልሥልም» አለኝ። ዕድሜ ልኩን ሰይጣን ሲሥል የኖረ ሰው!

ለሕፃኑ ፊት ብሎ ቡናማውን ቀለም በጣሳ ከድኖ አስቀምጧል። አሁን አሁን ዓይኑ ስለደከመ ከቀዩ የምለይለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ ነይ።

እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ያዘልሽውን ያሳድግልሽ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ
አምባ